የሙዝ ችግኝና የታኅሣሥ ብርድ፦ ከካዛንቺስ ግቢ የተነቀለው የት ይተከል?

በውጭ አገር የታተሙ የአትክልት መጻሕፍት ስለ ሙዝ ሲያወሱ ደጋግመው የሚሰጡት አንድ ምክር አለ። ይኸውም ለጋ ችግኝ ከክረምት በፊት ሥር እንዲይዝ አስቀድሞ ይተከል፣ ይህ ካልሆነም በዕቃ ውስጥ እንዳለ ክረምቱን በቤት ውስጥ ይለፍ የሚል ነው። ይህንን ምክር በመዝገበ ቃላት ፍቺ ብቻ ወደ አማርኛ የመለሰ የአዲስ አበባ ተማሪ፣ ችግኙን በግንቦት መጨረሻ ተክሎ የታዘዘውን የፈጸመ ሊመስለው ይችላል። በእኛ አገር ግን ክረምት የዝናብ እንጂ የውርጭ ወቅት አይደለም። መጽሐፉ ያሰበው ብርድ በእኛ ዘንድ የሚመጣው ሰማይ በጠራበትና ፀሐይ በደመቀችበት፣ ሁላችንም በጋ ብለን በምንጠራው ጊዜ ነው፤ በተለይም ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች።

ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከአገራችን አየር ጋር አስማምተን እናነሣዋለን። በአዲስ አበባ መካከል፣ ለምሳሌ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በእጃችን የገባ ለጋ የሙዝ ወይም የኮባ ችግኝ ከኅዳር በፊት በመሬት ይተከል ወይስ በዕቃ ይቆይ? ጥያቄው ተራ ቢመስልም፣ መልሱን ስንፈልግ ከሥነ ዕፅዋት አልፈን ወደ ፊዚክስ፣ ከዚያም ወደ ከተማችን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ለመግባት ተገድደናል።

ሙዝ ነው ኮባ?

በመጀመሪያ ተክሉን እንለይ። በካዛንቺስ አሮጌ ግቢዎች ውስጥ ከአጥር ሥር ወይም ከወጥ ቤቱ ጀርባ ቆሞ ይታይ የነበረውን ባለ ሰፊ ቅጠል ተክል አላፊ አግዳሚው ብዙውን ጊዜ ሙዝ ይለው ነበር፤ የግቢው እመቤት ግን ኮባ ይሉታል። ትክክለኛዋ እመቤቲቱ ናቸው። ኮባ እንሰት ነው። በከተማ ግቢ የሚተከለው ለቆጮ ሳይሆን በአብዛኛው ለቅጠሉ ነው፤ ድፎ ዳቦ ያለ ኮባ ሲጋገር ምን እንደሚጎድለው ለአንባቢ ማስረዳት አያሻንም።

ሙዝና እንሰት የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ነገር ግን ወንድማማቾች ከማለት ይልቅ የአጎት ልጆች ብንላቸው ይሻላል። ሙዝ ከሥሩ ዙሪያ ቡቃያ ያወጣል፤ እንሰት ግን ሰው ካላስገደደው በስተቀር አያወጣም። ለዚህም ነው በእንሰት አምራች አካባቢዎች ገበሬው የእንሰቱን አናት ቆርጦ፣ የዕድገት ጫፉን አጥፍቶ፣ አምቾውን መልሶ በመቅበር ከአንዱ ብዙ ችግኝ እንዲወጣ የሚያደርገው። የእንሰት ግንድ ከታች በጣም ወፍሮ ወደ ላይ ይቀጥናል፣ ቅጠሎቹም ወደ ሰማይ የቆሙ ናቸው፤ የሙዝ ቅጠል በአንጻሩ ግልጽ የሆነ ቀጭን እጀታ ይዞ ወደ ጎን ይዘረጋል። በሴል ውስጥ ሲታዩም እንሰት 18፣ የዱር ሙዝ 22 ክሮሞዞሞች አሏቸው። ከገበያ የምንገዛው የካቨንዲሽ ሙዝ ደግሞ የክሮሞዞም ስብስቡ ሦስት እጥፍ ስለሆነ 33 አለው፤ ፍሬው ዘር አልባ የሆነበትም ዋነኛ ምክንያት ይኸው ነው።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ወደ አገራችን መጥቶ እንሰትን ባየ ጊዜ፣ ተክሉ ሙዝ አለመሆኑን በመጽሐፉ ተከራክሮ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1791 ሳይንሳዊ ስም የሰጠው ግሜሊን ከሙዝ ወገን መደበው። የብሩስ አስተያየት በሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ በሚገባ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1947 ቺዝማን እንሰትን ራሱን ወደቻለ ወገን ሲመልሰው ነው። አንድ ሰው በዓይኑ አይቶ የተናገረው ነገር ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ መጠበቁ ሊያስገርመን ይገባል።

ለጉዳያችን ዋናው ልዩነት ግን ብርድን የመቋቋም ችሎታ ነው። እንሰት ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ሲለማ የኖረ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው። ሙዝ ግን ከደቡብ ምሥራቅ እስያና ከኒው ጊኒ ሞቃታማ ምድር የመጣ እንግዳ ነው። ስለሆነም አዲስ አበባ ለኮባ አገሩ፣ ለሙዝ ግን የስደት አገሩ ናት ማለት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ብርድ ሁለቱንም ይጎዳል፤ ሙዝን ግን አስቀድሞና አብልጦ ይጎዳዋል።

አማካዩ የደበቀው

ለአዲስ አበባ ገበያ ሙዝ በብዛት የሚመጣው ከአርባ ምንጭ አካባቢ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር፣ የአዲስ አበባ መካከል ደግሞ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እየቀዘቀዘ ይሄዳል ብለን ብናሰላ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ7 ዲግሪ ያህል ልዩነት እናገኛለን። ይህ ቁጥር ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሙዝ ግን ከሁሉ የሚስማማው 27 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ የቀኑ አማካይ ሙቀት ከ16 ዲግሪ ሲወርድ አዲስ ቅጠል ማውጣቱን ለማቆም ይቃረባል። የአዲስ አበባ ዓመታዊ አማካይ ደግሞ ያው 16 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ በከተማችን ያለ ሙዝ ዓመቱን ሙሉ በገደል አፋፍ ላይ እንደቆመ ልንቆጥረው እንችላለን።

አሁን ወቅቶቹን እናነጻጽር። በሐምሌና በነሐሴ የአዲስ አበባ የቀን ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ወደ 21፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ወደ 10 ዲግሪ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ወደ 23 ከፍ ሲል፣ ሌሊቱ ወደ 7 ይወርዳል። አንባቢ ወረቀትና እርሳስ አንሥቶ የእያንዳንዱን ወቅት መካከለኛ ቢያሰላ ለመጀመሪያው 15.5፣ ለሁለተኛው 15 ያገኛል። ልዩነቱ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው! አማካዩን ብቻ የሚመለከት ሰው ክረምቱና በጋው ለሙዝ አንድ ናቸው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ተክሉ ግን የሚኖረው በአማካይ ውስጥ አይደለም። በክረምት በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት 11 ዲግሪ ያህል ሲሆን በታኅሣሥ ወደ 16 ይሰፋል፤ በጋው ከቀኑ የሰጠውን ከሌሊቱ ይነጥቃል። ደግሞም 7 ዲግሪ የሌሊቶቹ አማካይ በመሆኑ፣ ከዚያ በጣም ዝቅ የሚልባቸው ሌሊቶች መኖራቸውን መርሳት የለብንም።

ብርድ ሙዝን የሚጎዳው የግድ እስኪረጋ ጠብቆ አይደለም። ለዚህ ቀላሉ ማስረጃ ወጥ ቤት ውስጥ አለ። ሙዝ በማቀዝቀዣ ያስቀመጠ ሰው በማግስቱ ልጣጩ ጠቁሮ ያገኘዋል፤ በመርከብ ሲጓጓዝም ከ13 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። የሴል ሽፋን የተሠራባቸው ቅባቶች በቅዝቃዜ ይረጋሉ፣ ሽፋኑም መጠበቅ የሚገባውን ማፍሰስ ይጀምራል። ለየብቻ ተከማችተው የነበሩ ንጥረ ነገሮችና ኤንዛይሞች ይገናኛሉ፤ ውጤቱ ጥቁረት ነው። ቅጠሉም በተመሳሳይ መንገድ ይጎዳል። የቀዘቀዘ ቅጠል ወዲያውኑ ደማቅ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ብርሃኑን ይቀበላልና፣ የተቀበለውን ጉልበት ግን ሥራ ላይ ሊያውለው አይችልም።

ሰማይን የሚያይ ቅጠል

የበጋ ሌሊት ለምን ይቀዘቅዛል? ማንኛውም አካል ሙቀቱን በማይታይ ጨረር መልክ ያለማቋረጥ ይለቃል። በክረምት ሌሊት ደመናውና እርጥቡ አየር ይህን ጨረር ተቀብለው ጥቂት የማይባለውን ወደ መሬት ይመልሱታል፤ ደመና የከተማ ጋቢ ነው ብንል አላጋነንም። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ጋቢው ይገፈፋል። በጠራ ሰማይና በደረቅ አየር ወደ ላይ የሚጠፋው የተጣራ ሙቀት በአንድ ካሬ ሜትር ከ60 እስከ 100 ዋት ሊደርስ ይችላል። ከፍታችንም የበኩሉን ይጨምራል፤ ከላያችን ያለው አየር የሳሳ ነውና።

አሁን የሙዝን ቅጠል እናስብ። ሰፊ ነው፣ ስስ ነው፣ ደረቱን ለሰማይ ሰጥቶ ይዘረጋል። ሙቀትን ለመጣል ከዚህ የተሻለ ቅርጽ ማግኘት ያስቸግራል። ነፋስ በሌለበት ሌሊት እንዲህ ያለ ቅጠል በዙሪያው ካለው አየር በጥቂት ዲግሪዎች ሊቀዘቅዝ ይችላል። የአየሩ ቴርሞሜትር 3 ዲግሪ እያሳየ ቅጠሉ ላይ ውርጭ ተጋግሮ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ከባድ በመሆኑ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ በወንዝ ዳርና በጎድጓዳ ሥፍራ ይተኛል። ቁልቁለቱ ላይ የተረፈ ተክል ወንዙ ዳር ሲሞት ብናይ አንገረም።

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ዋና ነገር አንድ ነው። በአዲስ አበባ ለጋ ሙዝ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው የከተማዋ አማካይ ሙቀት ሳይሆን፣ ተክሉ በሌሊት ከሰማዩ ምን ያህሉን ያያል የሚለው ነው። ከግድግዳ ተጠግቶ፣ ከታዛ ሥር ወይም ከትልቅ ዛፍ ጥላ የቆመ ተክል የሰማዩን ግማሽ አያይም። በሰማዩ ምትክ የሚያየው ግድግዳ ቀን የጠጣውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት መልሶ ይለቅለታል።

የግቢው ጋቢ

ወደ ካዛንቺስ የምንመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባሉት ዓመታት፣ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት አኅጽሮተ ስም እንደሆነ ይታወቃል። "ካዛ ኢንቺስ" የተባለው በአዲስ አበባ ሰው አንደበት ካዛንቺስ ሆነ። በኋላ ዘመን በእነዚያ ቤቶች ዙሪያና መካከል ሌሎች ቤቶች ተጠጋግተው ተሠሩ፤ ግቢው ጠበበ፣ ጣራ ከጣራ ተያያዘ። ለሰው ኑሮ መጨናነቅ የነበረው ነገር ለኮባው ግን ምቹ ነበር። አራት በአራት በሆነ ግቢ ውስጥ የቆመ ኮባ በሦስት በኩል ግድግዳ፣ ከራሱ በላይ የጎረቤት ታዛ፣ በስተጀርባው ወጥ ቤት ነበረው። እጣቢው ውኃና የምድጃው አመድም ከሥሩ ይደፋለት ነበር። የተከሉት ሰዎች ስለ ጨረር ፊዚክስ አስበው አልነበረም፤ ቦታው የተገኘው እዚያ ብቻ ስለነበር እንጂ።

በ2017 ዓ.ም የመጀመሪያ ወራት በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት አብዛኛው የካዛንቺስ አሮጌ ሠፈር ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም በከተማዋ ዳርቻ ወዳሉ መኖሪያዎች ተዛወሩ። ከእነዚህ አንዱ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ገላን ጉራ ነው። ስለ መፍረሱና ስለ መዛወሩ ብዙ ሊባል ይችላል፤ ይህ መጽሔት ግን ሊናገር የሚችለው ስለ ተክሉ ነው። ወቅቱን ልብ እንበል፤ ጥቅምት ነበር። ከብርዱ በፊት የቀረው ጊዜ አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። የቤት ዕቃ በሚጫንበት ጊዜ አንዲት የሙዝ ቡቃያ ወይም የኮባ ችግኝ በቀለም ባልዲ ውስጥ አድርጎ ከአልጋው እግር ሥር የሚሸጉጥ ሰው አይጠፋም። ያ ሰው አዲሱ ቤት ሲደርስ የሚገጥመው ጥያቄ እኛ ከላይ ያነሣነው ጥያቄ ነው፤ ያውም ምክር የሚጠይቀው ጎረቤት ገና ሳይተዋወቅ።

በአዲሱ ሠፈር ሦስት ነገሮች ይለወጣሉ። አንደኛ፣ ሕንፃዎቹ የተራራቁና ግቢው ክፍት በመሆኑ ችግኙ ሰማዩን በሙሉ ያያል፤ ጋቢው ተገፍፏል። ሁለተኛ፣ በአቃቂና በቦሌ አቅጣጫ ያለው መሬት በሰፊው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ቋጥሮ ሥርን አየር ያሳጣል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ለጋ ሥሮችን ይበጥሳል። ሦስተኛ፣ ፎቅ ላይ ለደረሰው ቤተሰብ መሬት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው በረንዳ ነው። በረንዳ ግን አይናቅ። ከላዩ የጎረቤት በረንዳ ካለ ታዛ ነው፤ ግድግዳውም ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ የከሰዓት በኋላን ሙቀት አከማችቶ ያቆያል፣ የጠዋቷንም ፀሐይ ቅጠሉ ሞቅ እስኪል ድረስ ያዘገያል።

ባልዲና መሬት

የሙዝ ግንድ የሚመስለው ነገር ግንድ አይደለም፤ እርስ በርሳቸው የተቃቀፉ የቅጠል እግሮች ናቸው። እውነተኛው ግንድ ከመሬት በታች ያለው ሥጋማ አካል ነው፤ በእንሰት አምቾ የምንለው። የዕድገት ጫፉም ተክሉ ለማበብ እስኪዘጋጅ ድረስ በአፈሩ ወለል አካባቢ ተደብቆ ይቆያል። ይህ ለእኛ ታላቅ የምሥራች ነው። ቅጠሉ ሁሉ ነድዶ ግንዱ ቢጠወልግ እንኳ፣ ያ ጫፍ እስካልሞተ ድረስ ተክሉ ይመለሳል። እንግዲህ ልንከላከልለት የሚገባን ከቅጠሉ ይልቅ ከአፈሩ ሥር ያለችውን ጡጫ የማታህል ሥፍራ ነው።

ለዚህች ሥፍራ ከመሬት የተሻለ መጠለያ የለም። የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ቅዝቃዜ ወደ አፈር ውስጥ እንደ ሞገድ ይገባሉ፤ ሞገዱ ግን ቶሎ ይደክማል። በመጠኑ እርጥብ በሆነ አፈር ውስጥ በየ12 ሴንቲ ሜትሩ ጥልቀት ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። የአፈሩ ወለል በቀንና በሌሊት መካከል 20 ዲግሪ ቢዋዥቅ፣ በ12 ሴንቲ ሜትር ላይ 7 ያህል፣ በ24 ላይ 3 ያህል፣ በ36 ላይ አንድ ዲግሪ ብቻ ይዋዥቃል። ከዚህም በላይ ሞገዱ ይዘገያል፤ በየ12 ሴንቲ ሜትሩ ወደ አራት ሰዓት ያህል። የቀትሩ ሙቀት 36 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ የሚደርሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ከላይ ውርጩ ሲጋገር ነው። ሥሮቹ ቀትር ላይ ናቸው፣ ቅጠሎቹ ሌሊት ላይ።

ባልዲ ውስጥ ያለው ተክል ይህን ሁሉ ያጣል። ቅዝቃዜው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ይገባል፤ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ዕቃ ውስጥ ከግድግዳው ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚርቅ ሥር የለም። ዕቃው ከሲሚንቶ ወለል ላይ ከተቀመጠ ከሥርም ይገባል። ሌላም ችግር አለ። በቀዘቀዘ አፈር ውስጥ ሥር ውኃ መሳብ ስለሚያቅተው ቅጠሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠወልጋል። ባለቤቱ የተጠማ መስሎት ውኃ ይጨምርለታል፤ ሥሩ ይበሰብሳል። በእኛ ግምት በከተማችን በባልዲ ውስጥ ከሚሞቱት ለጋ ሙዞች ብዙዎቹ የሚሞቱት በብርዱ ብቻ ሳይሆን በብርድና በርኅራኄ ነው።

ባልዲ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ይነሣል። ማታ ከቤት ገብቶ ጠዋት ሊወጣ ይችላል። የእኛም ፍርድ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ከመስከረም አጋማሽ በፊት የተገኘ፣ ሥጋማ ግንዱ ወፈር ያለ፣ ቅጠሎቹ ጠባብና እንደ ጦር የሾሉ ቡቃያ ከሆነ በመሬት ይተከል፤ እስከ ኅዳር ሥር የሚይዝበት ሁለት ወር አለው፣ ስንቅም ይዟል። ከሥሩ ትንሽ ሆኖ ገና በልጅነቱ ሰፊ ቅጠል የሚዘረጋው ቡቃያ መልኩ ያማረ ቢሆንም ስንቅ የለውም፤ አንመርጠውም። በቲሹ ካልቸር የተባዛ ችግኝም ጤናማ ቢሆንም ግንዱ ገና ጣት የማያህል ነውና፣ እስኪጠነክር በዕቃ ይቆይ። ከጥቅምት በኋላ የተገኘ ማንኛውም ችግኝ፣ የካዛንቺሱ ባልዲ ጭምር፣ እስከ መጋቢት በዕቃው ውስጥ ሆኖ ማታ ማታ ከታዛ ሥር ወይም ከቤት ይግባ። በመጋቢት ሌሊቱ ሞቅ ይላል፣ የበልግ ዝናብም ሊያግዝ ይችላል። በዋልካ ላይ የሚተከል ከሆነ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ሳይሆን አፈሩን ከፍግ ጋር ቀላቅሎ ከፍ ባለ መደብ ላይ መትከል ይሻላል፤ አለበለዚያ ከብርድ የተረፈው በሐምሌ ውኃ ይሞታል።

የሣር ጉዝጓዝን በተመለከተ በተለምዶ ከሚባለው ትንሽ እንለያለን። ደረቅ ሣር አፈሩን ያሞቃል ይባላል። እውነቱ ግን ሣሩ የአፈሩ ሙቀት ወደ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ስለዚህ ከታች ያለው ጫፍ ይጠበቃል፣ ከላይ ያለው ቅጠል ግን ከባዶ አፈር በላይ ከነበረው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ለጋ ችግኝ ላይ ይህን ንግድ እንቀበላለን፤ ቅጠል ተሽጦ ጫፍ ቢገዛ ትርፍ ነው።

ጀሪካኑና የኅዳር ጭስ

በየቤታችን ያለው ቢጫ ጀሪካን ለዚህም ይጠቅማል። 20 ሊትር ውኃ ቀን በፀሐይ ሞቆ ሌሊት 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 840 ኪሎ ጁል ሙቀት ይለቃል። ይህ በ12 ሰዓት ሲካፈል 19 ዋት ያህል ነው፤ ማለትም ያለ ኤሌክትሪክ ሌሊቱን ሙሉ የምትሠራ አንዲት ትንሽ አምፖል። ጀሪካኑን ከባልዲው አስጠግቶ ሁለቱንም በአሮጌ ብርድ ልብስ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት መሸፈን ይቻላል። ሽፋኑ ግን ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ይደገፍ፤ ጠዋትም ይነሣ። የፕላስቲክ ላስቲክ ብቻውን ጨረሩን ስለሚያሳልፍ ከሚታሰበው ያነሰ ይጠቅማል።

ስለ ጭስ አንድ ቃል እንጨምር። አዲስ አበባ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻዋን ታቃጥላለች፤ ልማዱ በ1911 ዓ.ም ኅዳር ከተማዋን ከመታው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጋር ይያያዛል። ቀኑ ከብርዱ መግቢያ ጋር በመገጣጠሙ ጭስ ለአትክልት ከውርጭ መከላከያ ነው የሚሉ ሰዎች ያጋጥማሉ። የጭስ ቅንጣቶች ለዓይናችን ወፍራም መጋረጃ ቢመስሉም፣ ከመሬት ከሚወጣው ረጅም ሞገድ አንጻር በጣም ደቃቃ ስለሆኑ ሙቀቱን አያግዱትም። የሚጠቅም ነገር ካለ እሳቱ ራሱ ነው፤ እርሱም ለተጠጋው ብቻ። ይልቁንም ጠዋት የቀረ ጭስ ፀሐይን ጋርዶ አፈሩ በጊዜ እንዳይሞቅ ያደርጋል።

ይህንን ለመፈተን የሚሹ የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባት ውድ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። ሁለት እኩል ባልዲዎች በእኩል አፈር ሞልቶ፣ አንዱን ከታዛ ሥር ሌላውን ሜዳ ላይ ማስቀመጥ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ቴርሞሜትር መትከል፣ ከኅዳር እስከ ጥር በየጠዋቱ ከፀሐይ መውጣት በፊት ማንበብ ይበቃል። የሰማዩን ሁኔታ፣ ጠራ ወይስ ደመነ፣ አብሮ መመዝገብ አይዘንጋ፤ ያለ እርሱ ቁጥሮቹ ምክንያታቸውን አይናገሩም።

ቢላዋው

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ከብርዱም ይቀድማል። ችግኝ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር በሽታ አብሮ ሊዛወር ይችላል። የእንሰት አጠውልግ የተባለውን የባክቴሪያ በሽታ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያ እንሰት ላይ ገለጹት፤ በ1974 ደግሞ በከፋ በሙዝ ላይ መገኘቱን አሳወቁ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2001፣ ኡጋንዳ ውስጥ በሙዝ እርሻዎች ተገኝቶ ታላቅ ጥፋት አድርሷል። በሽታው ከሚዛመትባቸው መንገዶች ዋነኞቹ የታመመ ችግኝና ያልጸዳ ቢላዋ ናቸው። እንሰት ወደ 20 ሚሊዮን ለሚደርሱ ኢትዮጵያውያን ምግብ ነው። በአንድ የከተማ ግቢ ለውበት የተተከለ የታመመ ቡቃያ፣ በቅጠሉ ንግድ ወይም በበዓል ስጦታ አማካይነት ወደ አንድ የገጠር ቤተሰብ ጓሮ ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም መካከለኛ ቅጠሉ ያለ ብርድ ቢጫ ሆኖ የታጠፈ፣ ሲቆረጥም ከውስጡ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚወጣ ተክል ልጅ አይወሰድበትም። ቢላዋውም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት በእሳት ላይ ይለፍ ወይም በበረኪና ይታጠብ።

ብርዱ ካለፈ በኋላስ? የነደዱት ቅጠሎች ያስቀይማሉ፤ ሆኖም እስከ የካቲት ድረስ አይቆረጡ፤ ደርቀው ተንጠልጥለው እንኳ ለግንዱ እንደ ልብስ ያገለግላሉ። በየካቲት መጨረሻ ተክሉ መሞት አለመሞቱ ካጠራጠረ፣ ሐሰተኛውን ግንድ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ በንጹሕ ቢላዋ አግድም መቁረጥ ነው። መካከሉ ቡናማና የላሸቀ ከሆነ ወደ ታች እየወረዱ ነጭ እስኪገኝ ድረስ መቁረጥ ያስፈልጋል። ነጭ ከተገኘ ቆራጩ ቢላዋውን አጥቦ በማግስቱ ይመለስ። ከተቆረጠው ክብ መካከል እንደ ጣት የተጠቀለለ ለጋ ቅጠል ከሌላው ወለል ከፍ ብሎ መቆሙን ያገኛል፤ በቀዝቃዛ ሳምንት ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን ሊያስጠብቀው ይችላል።